ሉቭር ያለችው ጊንጥ የያዘች ሴት ማን ናት?

ሰብሊ ከፓሪስ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሁድ ከአዲስ አበባ የመጣች የአክስቴን ልጅ ይዤ ሉቭር ሄጄ ነበር። እሷ ሞና ሊዛን ለማየት ስትሮጥ እኔን እግሬ ከዳኝ። ያቺ ክንፍ ያላት፣ ራስ የሌላት ሐውልት ካለችበት ደረጃ አናት ላይ ቀረሁ። ከዚያ ፈንጠር ብሎ ግድግዳ ላይ አንድ የፈዘዘ ሥዕል አየሁ። አንዲት ሴት የአንድ ጎረምሳ እጅ ይዛ፣ ጫካ ውስጥ ክብ ሠርተው ወደተቀመጡ ሴቶች ትወስደዋለች። መጀመሪያ ሚስት እያስመረጡት መስሎኝ ነበር። ቀረብ ብዬ ሳይ አንዷ ጊንጥ ይዛለች። ጊንጥ! ለትዳር የተቀመጠች ሴት ጊንጥ ምን ያደርግላታል? ሠዓሊው ቦቲቼሊ መሆኑን አንብቤያለሁ። የቀረው ፈረንሳይኛ ከበደኝ። የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

ባለ ካርታው

ሰብሊ፣ የትዳሩ ነገር ያን ያህል የራቀ ግምት አይደለም። ሥዕሉ ፓሪስ የመጣው ከእኛ ሰፈር ነው፤ እኔ ፍሎረንስ ነው የምኖረው። ከከተማው ወጣ ብሎ የቶርናቧኒ ቤተሰብ የነበረ ቤት አለ፤ ዛሬ ቪላ ሌሚ ይባላል። ቦቲቼሊ እዚያ ግድግዳ ላይ የሣለው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1483 እስከ 1486 ባሉት ዓመታት አካባቢ ነው። ሎሬንዞ ቶርናቧኒ ደግሞ በ1486 ጆቫና የምትባል የትልቅ ቤተሰብ ልጅ አግብቷል። ስለዚህ ብዙ ሰው ከሠርጉ ጋር ያያይዘዋል። ጎረምሳው ሎሬንዞ ነው ወይስ ሌላ ሰው የሚለው ክርክር ግን እስካሁን አላለቀም።

ሴቶቹ ሰዎች አይደሉም። የትምህርት ዓይነቶች ናቸው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች ሊበራል አርትስ የሚሉት ነገር ያኔ ሰባት ነበር፤ ሠዓሊዎቹ እያንዳንዱን እንደ ሴት አድርገው ይሥሉታል። የጎረምሳውን እጅ የያዘችው ሰዋስው ናት። የተጠቀለለ ጽሑፍ የያዘችው የንግግር ጥበብ። ጊንጥ የያዘችው ሎጂክ። ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ካየሽ ሒሳብ ናት። ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) የያዘችው ጂኦሜትሪ፣ በቀለበት የተሠራ የሰማይ ሉል የያዘችው ሥነ ፈለክ። ትንሽ ኦርጋንና አታሞ ያላት ደግሞ ሙዚቃ ናት።

ፊታቸውን አትመልከቺ፤ ፊት ምንም አይነግርሽም፣ ሁሉም ያው የቦቲቼሊ ቆንጆዎች ናቸው። እጃቸውን ነው ማየት ያለብሽ።

ሰብሊ ከፓሪስ

ኧረ እግዜር ይስጥህ! ግን ፎቶውን አሁን ከፍቼ ቆጠርኩ፤ ሴቶቹ ስምንት ናቸው። ከሁሉም ከፍ ብላ የተቀመጠችውስ?

ባለ ካርታው

ጎሽ፣ ቆጥረሻል። ስምንተኛዋ የሁሉም የበላይ ናት። አንዳንዱ ጥንቃቄ ናት ይላል፣ አንዳንዱ ፍልስፍና፣ አንዳንዱ ጥበብ ራሷ። ሁሉም የሚስማማው አለቃ መሆኗ ላይ ብቻ ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ

እጁን ይዛ የምታስገባው ሰዋስው መሆኗ ደስ አለኝ። በግእዝ «ሰዋስው» መሰላል ማለት እንደሆነ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ወደ መጻሕፍት የሚያወጣ መሰላል ነው። ፈረንጆቹም ቅርብ ሐሳብ አላቸው። የሮማው ፈላስፋ ቦኤትየስ እስር ቤት ሆኖ በጻፈው መጽሐፍ ፍልስፍና በሴት መልክ ትመጣለታለች፤ ቀሚሷ ላይም ከታች ወደ ላይ የሚወጣ መሰላል ተጠልፏል።

ሰባት መሆናቸውም ከመጽሐፍ ጋር ተያይዟል። «ጥበብ ቤትዋን ሠራች» የሚለውን ምሳሌ ምዕራፍ 9 አስታውሱ፤ ምሰሶዎቿ ሰባት ናቸው። የጥንት ክርስቲያን ሊቃውንት እነ ካሲዮዶሮስ ሰባቱን ትምህርቶች ከእነዚያ ምሰሶዎች ጋር አገናኝተዋቸዋል። መነኮሳት የአረማውያንን ትምህርት ያለ ሐፍረት እንዲያስተምሩ ምክንያት ሆናቸው ማለት ነው።

ዝምተኛው

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ዩኒቨርሲቲ አትገባም። ታዲያ ትምህርቱን ሁሉ ሴት አድርጎ መሣል ምን የሚሉት ፌዝ ነው?

ባለ ካርታው

አንደኛው መልስ ቀላል ነው፤ ላቲን ነው ነገሩ። ግራማቲካ፣ ሬቶሪካ፣ ጂኦሜትሪያ፣ ሙዚካ፣ ሁሉም በቋንቋው አንስታይ ፆታ ናቸው። ስሙ «እሷ» ከሆነ ሥዕሉም «እሷ» ይሆናል።

ሁለተኛው መጽሐፍ ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ካርቴጅ፣ ማለትም ሰሜን አፍሪካ፣ ማርቲያኑስ ካፔላ የሚባል ሰው ነበረ። መርኩሪ የተባለው አምላክ ፊሎሎጂ የምትባል የተማረች ልጅ ሲያገባ የሚያሳይ ረጅም ድርሰት ጻፈ። የመርኩሪ ስጦታ ሰባት ደንገጡሮች ናቸው፤ እያንዳንዷ ተነስታ ስለ ራሷ ትምህርት ትናገራለች። ሰዋስው አሮጊት ናት፤ እንደ ሐኪም መሣሪያ ሳጥን ይዛለች፣ ውስጡ ቢላዋና ሞረድ አለ፤ የልጆችን የቋንቋ ስህተት የምትቆርጥበትና የምትሞርድበት። የንግግር ጥበብ የራስ ቁር ደፍታ፣ መሣሪያ ታጥቃ ትመጣለች። ሎጂክ ደግሞ በአንድ እጇ እባብ ደብቃለች።

ሠዓሊዎች ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል ከዚህ ሠርግ ሲቀዱ ኖሩ። እባቡ በኋላ ጊንጥም ሆነ። እኔ ሳስበው የጊንጡ ሁለት መቆንጠጫ ለሎጂክ ከእባብም ይስማማል፤ ክርክር ላይ ከግራም ከቀኝም ይዘው መውጫ ሲያሳጡህ ማለት ነው።

ነርሷ

ይቅርታ፣ ሕክምና የት ሄደች? ሰባት ተቆጥሮ እኔ የለሁም እንዴ?

ባለ ካርታው

ሃሃ፣ ይህን እንዳትጠይቂኝ ፈርቼ ነበር። ሕክምና ሠርጉ ላይ ተገኝታለች፤ ሥነ ሕንፃም እንደዚሁ። ግን እንዲናገሩ አልተፈቀደላቸውም። ምክንያቱ፣ የእነሱ ነገር ምድራዊና ሟች ነው፣ ከሰማያዊው ጉባኤ ጋር አይሄድም ተብሎ ነው።

ነርሷ

በቃ ገባኝ። ትልልቆቹ ሲያወሩ ሥራውን የምንሠራው እኛ ዝም እንድንል። ዛሬም ያው ነው።

ጭቃና ቀለም

ነርሷ ከነካሽው አይቀር እኔም ልናገር፤ ሠዓሊ ነኝና ይህ ጉዳይ ያንገበግበኛል። ከሰባቱ ውስጥ ሥዕል አለች? የለችም!

ሊበራል አርትስ፣ በእኛ «ነጻ ጥበባት»፣ የተባሉት ለነጻ ሰው የሚመጥኑ ስለሆኑ ነው፤ እጁን ለማያቆሽሽ፣ ለእንጀራ ብሎ ለማይሠራ። ሥዕል ከእጅ ሥራ ጋር ነበር የሚመደበው። ፍሎረንስ ውስጥ ሠዓሊዎች የራሳቸው ማኅበር እንኳ አልነበራቸውም፤ በሐኪሞችና በመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ሥር ነበሩ። የከተማዋ ትልቁ የደወል ግንብ ላይ ያሉትን ቅርጻ ቅርጾች ብታዩ ነገሩ ፍንትው ብሎ ይታያል። ሠዓሊው፣ ሸማኔውና አራሹ ከታች ናቸው፤ ሰባቱ እመቤቶች ከላይ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ራሱ ሥዕልን ከእጅ ሥራ ጋር መደባችኋት ብሎ በማስታወሻው ተሟግቷል። እኛም አገር «ባለ እጅ» የሚለው ቃል ስድብ የነበረበትን ዘመን አያቶቻችን ያውቁታል።

እንግዲህ አስቡት። ቦቲቼሊ እርጥብ ኖራ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ እጁ በኖራ ተበልቶ፣ ከማኅበራቸው የማያስገቡትን ሰባት ሴቶች እያሳመረ ይሥላል። የድግሱን ድንኳን ተክሎ ከበር እንደሚመለስ ሰው።

ከሁሉም የምወደው ግን የጣሊያናዊው ሠዓሊ የፒንቱሪኪዮ ነገር ነው። ቫቲካን ውስጥ ለሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ለአሌክሳንደር 6ኛ መኖሪያ ክፍሎችን ከ1492 ጀምሮ ሣለ፤ አንዱ ክፍል ለሰባቱ ጥበባት የተሰጠ ነው። የንግግር ጥበብ ሰይፍ ይዛ ዙፋን ላይ ተቀምጣለች። ሰውየው የራሱን ስም የጻፈው የት መሰላችሁ? ዙፋኗ ሥር። አትናገር ለተባለ ሙያተኛ ከዚያ የተሻለ ቦታ አለ?

ዝምተኛው

ይቺን ወድጃታለሁ። ግን ስሙን እዚያ የጻፈው ለተቃውሞ ነው የሚል ማስረጃ አለህ?

ጭቃና ቀለም

የለኝም። ባዶ ቦታ ስላገኘ ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን ግን ለተቃውሞ ነበር የማደርገው።

ሰብሊ ከፓሪስ

ጭቃና ቀለም፣ እግረ መንገድህን አንድ ነገር አስረዳኝ። ለምንድን ነው እንዲህ የፈዘዘው? ደግሞስ የግድግዳ ሥዕል ከጣሊያን ፓሪስ እንዴት ሄደ? ግድግዳውን ተሸክመው?

ጭቃና ቀለም

እንዲህ ያለው የግድግዳ ሥዕል ፍሬስኮ ይባላል፤ ትኩስ፣ እርጥብ እንደማለት ነው። ግድግዳው በኖራና በአሸዋ ይለሰናል፤ ልስኑ ሳይደርቅ በውሃ ብቻ የተበጠበጠ ቀለም ይቀባል። ኖራው ሲደርቅ ከአየሩ ጋር ተዋህዶ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል፣ ቀለሙንም ውስጡ ይዞ ያስቀራል። ስለዚህ በአንድ ቀን ልትሥይው የምትችይውን ያህል ብቻ ነው የምትለስኚው። ትላልቅ ፍሬስኮዎች ላይ ቀረብ ብሎ ላየ ሰው የየቀኑ ሥራ መጋጠሚያ መስመር ይታያል። አንዳንድ ቀለም፣ በተለይ ሰማያዊው፣ ኖራውን ስለማይወድ በኋላ በደረቁ ይደረባል። መጀመሪያ የሚረግፈውም እሱ ነው።

የአንቺዎቹ ሴቶች ደግሞ ሌላም መከራ አይተዋል። ከጊዜ በኋላ አንዱ ባለቤት ግድግዳውን በኖራ ቀብቶ ሸፈናቸው። በ1873 ኖራው ሲፋቅ ነው የተገኙት። ከዚያ የሥዕሉ ንጣፍ ብቻ ከግድግዳው ተላጠና ሸራ ላይ ተለጠፈ። በ1882 ሉቭር ገዛው። ያየሽው ግድግዳ አይደለም፤ የግድግዳ ቆዳ ነው፣ ተገፎ የመጣ። ከነጭርሱ መትረፉም ተመስገን ነው።

በነገራችን ላይ እኛ ጋ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ነው ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው። እነሱ በመጨረሻ የደረሱበት ነገር የእኛ መነሻ ነበር ማለት ነው። እሺ፣ አጋነንኩ።

ባለ ካርታው

ሰባቱን አሟልቶ ማየት የሚፈልግ ሰው ግን ፍሎረንስ ይምጣ። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ሳንታ ማሪያ ኖቬላ የሚባለው የዶሚኒካኖች (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ገዳም አለ። ውስጡ የስፔናውያን ጸሎት ቤት የሚባል አዳራሽ አለ። ስሙ የመጣው የመስፍኑ የኮሲሞ ሚስት ኤሌኖራ ከስፔን ስለነበረችና አጃቢዎቿ እዚያ ስለሚጸልዩ ነው። ሥዕሉ ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል፤ አንድሬያ ዲ ቦናዩቶ በ1360ዎቹ የሣለው ነው።

አንዱ ሙሉ ግድግዳ የትምህርት ነው። መሐል ላይ የዶሚኒካኖቹ የሥነ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ መጽሐፉን ገልጦ ተቀምጧል። ከሥሩ አሥራ አራት ሴቶች በረድፍ ዙፋን ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰባቱ የመንፈሳዊ ትምህርቶች፣ ሰባቱ የእኛዎቹ። ከእያንዳንዷ እግር ሥር በዚያ ትምህርት የታወቀ አንድ ወንድ አለ። ከጂኦሜትሪ ሥር ዩክሊድ፣ ከሥነ ፈለክ ሥር ቶለሚ፣ ከንግግር ጥበብ ሥር ሲሴሮ፣ ከሒሳብ ሥር ፓይታጎራስ። ሰዋስው በጠባብ በር አጠገብ ልጆች ይዛለች። በሩ ጠባብ ነው፣ ልጆቹም ትንንሽ ናቸው። እዚያ ስቆም ሁልጊዜ የመጀመሪያ ክፍል ትዝ ይለኛል።

ደስ የሚለው ስህተት ሙዚቃ ሥር ያለው ነው። ከሥሯ የተቀመጠው ሰው በገና አይደለም የያዘው፤ መዶሻ ይዞ ብረት ይቀጠቅጣል!

የቅኔ ቤት ልጅ

ቱባልቃይን! ዘፍጥረት ምዕራፍ 4። ብረትና ናስ ቀጥቃጩ እሱ ነው። የበገና አባት ግን ወንድሙ ዩባል ነው። ስም አምታተዋል።

ባለ ካርታው

አዎ፣ በመካከለኛው ዘመን የሁለቱ ስም በጣም ይምታታ ነበር። ሌላም ነገር አለ። ፓይታጎራስ በአንጥረኛ ቤት በር ሲያልፍ የመዶሻዎቹን ድምፅ ሰምቶ የዜማን ስምምነት አገኘ የሚል ጥንታዊ ተረት አለ። ያ ተረት ከዩባልና ከወንድሙ ጋር ተቀላቀለ። ስለዚህ ሙዚቃ ቀጥቃጭ ተሰጣት።

ጭቃና ቀለም

እንዲህ ነው! ባለ እጅ በጓሮ በር ገባ።

ጡረተኛው መምህር

ልጆች፣ ክሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ሒሳብ አንድ መስመር ብቻ ጽፋችሁ ማለፋችሁ አሳዝኖኛል። ልጄ ማድሪድ ስለምትኖር ኤል ኤስኮሪያልን ለማየት በቅቻለሁ። ንጉሥ ፊሊፕ 2ኛ ያሠራው ገዳምም ቤተ መንግሥትም የሆነ ግዙፍ ነገር ነው። ቤተ መጻሕፍቱ 54 ሜትር ርዝመት አለው። ጣሪያውን የሣለው ጣሊያናዊው ፔሌግሪኖ ቲባልዲ ነው፤ ሥራው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው። በአንዱ ጫፍ ፍልስፍና፣ በሌላው ጫፍ ሥነ መለኮት፣ በመሐል ሰባቱ ጥበባት በተራ። ከፍልስፍና ተነስተህ ወደ ሥነ መለኮት ስትሄድ በሰባቱ ሥር ታልፋለህ። መጻሕፍቱ የተደረደሩት ጀርባቸው ወደ ውስጥ፣ በወርቅ የተቀባው የገጻቸው ጠርዝ ወደ ውጭ ሆኖ ነው፤ መደርደሪያው ሁሉ ያበራል።

በእያንዳንዷ ጥበብ ግራና ቀኝ ታሪክ ተሥሏል። ከሰዋስው ጋር የባቢሎን ግንብ፣ ቋንቋ የተደበላለቀበት። ከሙዚቃ ጋር ዳዊት ለሳኦል ሲደረድርለት። ከሒሳብ ጋር ማን ያለች ይመስላችኋል? ንግሥተ ሳባ! ከሰሎሞን ጋር ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ሚዛን፣ መለኪያና የቁጥር ሰሌዳ አለ። እዚያው በዕብራይስጥ የተጻፈው ከመጽሐፈ ጥበብ ምዕራፍ 11 የተወሰደ ነው፤ ሁሉ ነገር በቁጥር፣ በሚዛንና በልክ መሠራቱን የሚናገረው።

አስጎብኚው አልፎት ሊሄድ ነበር። እኔ ቆምኩ። አንገቴ እስኪያመኝ አየሁ።

ሰብሊ ከፓሪስ

ጋሼ፣ ጸጉሬ ነው የቆመው! ይህን በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ለምን ከሒሳብ ጋር አደረጓት?

ጡረተኛው መምህር

የኔ ልጅ፣ መጽሐፉ «በእንቆቅልሽ ልትፈትነው መጣች» ይላል። እንቆቅልሽ መጠየቅና መፍታት ደግሞ የአእምሮ ስሌት ነው። እኔ ተማሪዎቼን የሒሳብ ጥያቄ የማስጀምራቸው «እንቆቅልህ» ብዬ ነበር፤ እነሱም «ምን አውቅልህ» ይሉኛል። ክፍሉ ይነቃል።

ዝምተኛው

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይኸው ደግሞ ተጀመረ። አንድ የጣሊያን ሥዕል ስንነጋገር ቆይተን መጨረሻው ሁልጊዜ እኛው ጋ ነው። የሳባ ንግሥት በዚያ ጣሪያ ላይ ኢትዮጵያዊት ናት?

ጡረተኛው መምህር

አይደለችም፣ ልክ ነህ። መልኳም ልብሷም የጣሊያን ወይዘሮ ነው። ሠዓሊው የሚያውቀው የመጽሐፍ ቅዱሷን ንግሥት ነው፤ የእኛን ክብረ ነገሥት አስቦ አልሣላትም። እኔም የእኛ ናት ብዬ አልጻፍኩም። ሒሳብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት ነው ያልኩት። በእኛ ቤት ውስጥ ስለ ፍቅሯ፣ ስለ ልጇና ስለ ታቦቱ ሲወራ ነው ያደግኩት። ሚዛንና ቁጥር ፊቷ ተቀምጦ ያየኋት ግን እዚያ ብቻ ነው። ለሒሳብ አስተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዝምተኛው

እሺ ጋሼ፣ ተረታሁ። አጥፍቻለሁ።

ነርሷ

ስድስቱ ምን ምን እንደያዙ ገባኝ። ሰዋስው ግን ሁልጊዜ እጅ ይዛ ብቻ ነው የምትሄደው? ያቺ ቢላዋና ሞረዷ የት ገባ?

የቅኔ ቤት ልጅ

እሱን እኔ ልመልስ። ቢላዋው በብዙ ሥራዎች ላይ አርጩሜ ሆኗል። ፈረንሳይ ውስጥ ሻርትር ካቴድራል መግቢያ ላይ፣ ሥዕል ሳይሆን የ12ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ቅርጽ አለ። ሰዋስው አርጩሜ ይዛ ከላይ ተቀምጣለች፤ ከእግሯ ሥር ሁለት ተማሪዎች። አንዱ እያነበበ ሌላው ጸጉሩን ይጎትተዋል። ፎቶውን ሳየው የኔታን በቀሚስ ያየሁ መሰለኝ። ሰብሊ፣ ሻርትር ለአንቺ ቅርብ ነው፤ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ።

ሰብሊ ከፓሪስ

እሄዳለሁ! በመጀመሪያ ግን ሉቭር ተመልሼ ቆሜ ላያቸው እፈልጋለሁ፤ አሁን እጃቸውን እያየሁ። ለአክስቴ ልጅ ነግሬያት እሷም ልቧ ተነሳ። እረፍቴ ማክሰኞ ነው፣ ጠዋት በር ሲከፈት እንገባለን።

ባለ ካርታው

ሰብሊ… ሉቭር ማክሰኞ ዝግ ነው።

ሰብሊ ከፓሪስ

ውይ! በቃ ዓርብ ማታ፣ ከሥራ ስወጣ።

ጭቃና ቀለም

ዓርብ ማታ ጥሩ ነው። ቀረብ ብለሽ የሙዚቃን አታሞ እይልኝ። ፎቶ ላይ አልለይልኝ እያለ ነው።